ለተሸነፈው የሚጻፍ ደንብ

 በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የምናነሣው በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪዎች ራሳቸው ስለሚያቋቁሟቸውና ራሳቸው ስለሚመሯቸው የፖለቲካና የክርክር ማኅበራት ነው። ዓላማቸውን ለጊዜው እናቆየው። ዓላማ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ በጭብጨባ ይጸድቃል፤ ብዙም አያጣላም። የሚያጣላው በኋላ የሚመጣው ነው። ማን ይመርጣል? ድምፁን ማን ይቆጥራል? ገንዘቡ በማን ፊርማ ይወጣል? ሊቀመንበሩ መቼ ይወርዳል? ቃለ ጉባኤው የት ይቀመጣል? ባጭሩ፣ የመተዳደሪያ ደንቡ ነገር ማለት ነው።

አዲስ ማኅበር የሚያቋቁሙ ወጣቶች ይህን ክፍል ቶሎ ሊያልፉት ይፈልጋሉ። «እኛ እኮ እንተማመናለን» ይላሉ። መተማመናቸውም እውነት ነው። ፈተናው የሚመጣው ሁለት ብርቱ ዕጩዎች ቀርበው በጥቂት ድምፅ የተበላለጡ ዕለት ነው። ያን ዕለት ያሸነፈው ወገን ደንብ ባይኖርም አይቸገርም፤ ደጋፊ አለው፣ ማኅተሙም በእጁ ነው። የሚቸገረው የተሸነፈው ነው። ቆጠራው ትክክል መሆኑን ማን ያረጋግጥለታል? በሚቀጥለው ዓመት ምርጫ እንደሚደረግ ምን ዋስትና አለው? ሐሳቡንስ በስብሰባ ላይ እንደ ልቡ መናገር ይችላል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ካጣ ደጋፊዎቹን ይዞ ይወጣል፤ ማኅበሩም ሁለት ይሆናል። ስለዚህ እኔ የአንድን ማኅበር ደንብ ሳነብ አስቀድሜ የምፈልገው ለተሸነፈው ሰው ምን እንደ ተጻፈለት ነው።

በተግባር የተፈተነ ምሳሌ ለማየት ወደ እንግሊዝ አገር፣ ወደ ኦክስፎርድ እንሂድ። ኦክስፎርድ ዩኒየን የሚባለው የክርክር ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1823 ነው። የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ኅብረት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን በራሱ ደንብ፣ በራሱ ሕንፃና በአባላቱ መዋጮ የሚተዳደር፣ ከዩኒቨርሲቲው የተለየ ማኅበር ነው። ኋላ አራት ጊዜ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ዊሊያም ግላድስተን በተማሪነቱ መርቶታል። የፓኪስታኗ ቤናዚር ቡቶም እ.ኤ.አ. በ1977 ፕሬዚዳንቱ ነበረች። ሴቶች በሙሉ አባልነት የተቀበሉት ግን ገና እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ ከምሥረታው 140 ዓመት በኋላ። በዚያ ሁሉ ዘመን ምርጫው በሥርዓት ይካሄድ ነበር፤ መራጩ ግን ወንድ ብቻ ነበር። አንድ ደንብ ሲነበብ የመጀመሪያው አንቀጽ፣ ማን አባል መሆን እንደሚችል የሚናገረው፣ በጥርጣሬ ዓይን መታየት አለበት የምለው ስለዚህ ነው።

የዩኒየኑ ሹማምንት የሚቆዩት አንድ የትምህርት ወቅት ብቻ ነው። በኦክስፎርድ ዓመቱ ለሦስት ወቅት ይከፈላል፤ የእያንዳንዱም ዋና የትምህርት ጊዜ 8 ሳምንት ነው። እንግዲህ በአንድ ዓመት ሦስት ፕሬዚዳንት ይፈራረቃል ማለት ነው። ቀጣዩ ፕሬዚዳንት አስቀድሞ ይመረጥና አንድ ሙሉ ወቅት ከነባሩ ጎን ሆኖ ሥራውን ይለማመዳል፤ የራሱን ወቅት ክርክሮችና ተጋባዥ እንግዶችም በዚያን ጊዜ ያዘጋጃል። ምርጫውን የሚያስፈጽመው ራሱን የቻለ አስመራጭ ኃላፊ ነው። በምርጫው ደባ ተሠርቷል የሚል አባል ካለ አቤቱታውን የሚሰማ የዳኝነት ጉባኤ ይሰየማል።

አሁን በዚህ ሥርዓት ውስጥ የተሸነፈውን ሰው እንየው። የወደቀ ተወዳዳሪ የሚጠብቀው ዓመታት አይደለም፤ ጥቂት ሳምንታት ነው። ያሸነፈውም ቢሆን ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቃዋሚውን ለመበቀል ጊዜ የለውም። የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ቦሪስ ጆንሰን ለዩኒየኑ ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር መጀመሪያ ተሸንፏል። ሌላ ማኅበር አላቋቋመም፤ እንደገና ተወዳደረና እ.ኤ.አ. በ1986 ፕሬዚዳንት ሆነ። ስለ ሰውየው ፖለቲካ ማንም የፈለገውን ሊያስብ ይችላል፤ የምናገረው ስለ ደንቡ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ አጭር የሥራ ዘመን ጉዳት የለውም ብዬ አላታልላችሁም። ምርጫ በየወቅቱ ሲመጣ ቅስቀሳ አያልቅም። አንዳንዱ ተማሪ ለሐሳብ ሳይሆን ለሹመት ብቻ ሲሯሯጥ ትምህርቱን ይጨርሳል። ዕጩዎች በቡድን ተደራጅተው «አንተ ለእኔ፣ እኔ ለአንተ» እያሉ ድምፅ መሰብሰባቸውም በዩኒየኑ ታሪክ ብዙ ያወዛገበ፣ ደንቡም አንዴ ሲከለክለው አንዴ ሲፈቅደው የኖረ ጉዳይ ነው። በእኔ አስተያየት ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ክበብ የአንድ ዓመት የሥራ ዘመን ይበቃል። ከኦክስፎርድ መውሰድ የሚገባን ርዝመቱን ሳይሆን እርግጠኝነቱን ነው፤ ምርጫው የሚደረግበት ሳምንት በደንቡ ላይ ታትሞ ሁሉም እንዲያውቀው፣ በኮሚቴው ፈቃድም እንዳይራዘም።

ሌላም የማይዘነጋ ነገር አለ። በብሪታንያ የተማሪ ምርጫዎች አንድ ዕጩ ብቻውን ቢቀርብም ድምፅ ይሰጥበታል። ከስሙ በታች «ዕጩ ማቅረቡ እንደገና ይከፈት» የሚል አማራጭ ይታተማል። ይህ አማራጭ ካሸነፈ ብቻውን የቀረበው ሰው ወድቋል፤ ዕጩ መፈለግ እንደ አዲስ ይጀመራል። በእኛ ዘንድ አንድ ዕጩ ብቻውን ሲቀርብ «ተቃዋሚ አለ?» ይባልና በጭብጨባ ያልፋል። በጭብጨባ መካከል እጁን አውጥቶ «አልደግፍም» የሚል ስንት ሰው አለ? ያች አንዲት መስመር ይህን የተቸገረ አባል ታድነዋለች።

(አጭር ሙዚቃ)

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው የኦክስፎርድ ታሪክ ግን የቃለ ጉባኤ መዝገብ ታሪክ ነው። ጊዜው የካቲት 9 ቀን 1933 ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር። ጀርመን ውስጥ ሂትለር ሥልጣን ከያዘ ገና ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላውም። በኦክስፎርድ ዩኒየን የቀረበው የመከራከሪያ ሐሳብ፣ ይህ ምክር ቤት በምንም ዓይነት ሁኔታ ለንጉሡና ለአገሩ አይዋጋም የሚል ነበር። ሐሳቡ በ275 ድጋፍና በ153 ተቃውሞ አለፈ።

አገር ተናወጠ። ጋዜጦች ተማሪዎቹን ፈሪዎችና ከሃዲዎች አሏቸው፤ ዊንስተን ቸርችልም አጥብቆ አወገዛቸው። የተቆጡ ሰዎች ወደ አዳራሹ ገብተው ውሳኔው የተጻፈበትን ገጽ ከቃለ ጉባኤው መዝገብ ቀደዱት። ይህ አልበቃ ብሎ የቸርችል ልጅ ራንዶልፍ ቸርችል በአባልነት መብቱ ተጠቅሞ፣ ያ ውሳኔ ከመዝገብ እንዲሰረዝ የሚጠይቅ ሐሳብ አቀረበ። በመጋቢት መጀመሪያ ጉዳዩ ለድምፅ ሲቀርብ 138 ሰዎች ደገፉት፣ 750 ሰዎች ተቃወሙት።

እነዚህን ቁጥሮች አስተውሏቸው። በመጀመሪያው ክርክር ላይ ላለመዋጋት ድምፅ የሰጡት 275 ብቻ ነበሩ። መሰረዙን የተቃወሙት 750 ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ በጦርነቱ ጉዳይ ከ275ቱ ጋር የማይስማሙ ብዙዎች እንደ ነበሩ መገመት አያስቸግርም። እነዚያ ሰዎች የውሳኔውን ይዘት እየጠሉ መዝገቡን ጠበቁ። ያልተመቸ ውሳኔ ሁሉ በኋላ በሚመጣ ቁጣ የሚሰረዝ ከሆነ፣ ዛሬ የተሸነፉት ነገ ሲያሸንፉ የእነሱም ድል ዋስትና እንደማይኖረው የገባቸው ይመስለኛል። ለአንድ የተማሪ ማኅበር ጸሐፊ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት አላውቅም። ቃለ ጉባኤ በዕለቱ ይጻፋል፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ይነበባል፣ ይፈረማል፤ ስህተት ከተገኘበት እርማቱ በጎን ይመዘገባል እንጂ ገጹ አይቀደድም።

የጽሑፍ ነገር በተማሪ ማኅበር ይበልጥ የሚከብድበት አንድ ምክንያት አለ። የሰፈራችንን እድር አስቡ። እድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ የመዋጮ ቀን፣ የቀሪ ቅጣትም አለው። ደንቡን ያላነበበ አባል እንኳ ሥርዓቱን ያውቀዋል፤ 30 ዓመት አብሮ ኖሮበታልና። የተማሪ ማኅበር ግን በአራትና በአምስት ዓመት ውስጥ አባሉ በሙሉ ተመርቆ ይሄዳል። «ቀድሞ እንዲህ ነበር የምናደርገው» የሚል ሽማግሌ የለውም። ያልተጻፈው ሁሉ ከመሥራቾቹ ጋር ጋውን ለብሶ ይወጣል። በማግሥቱ የባንክ ደብተሩ በማን ስም እንደ ሆነ፣ ካለፈው ዓመት የተረፈው ገንዘብ የት እንዳለ፣ አዳራሽ የሚፈቅደው ቢሮ የትኛው እንደ ሆነ የሚያውቅ ይጠፋል። ርክክብ ማለት እጅ መጨባበጥ ሳይሆን መዝገብ፣ ማኅተም፣ የሒሳብ ሰነድና ያልተጠናቀቀ ሥራ ዝርዝር በሁለት ወገን ፊርማ መለዋወጥ መሆን አለበት።

በኦክስፎርድ ያሉት የፓርቲ ክበባት፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1919 የተቋቋመው የሌበር ክበብና በ1924 የተቋቋመው የኮንሰርቫቲቭ ማኅበር፣ ይህን ክፍተት የሚሞሉበት አንድ መንገድ አላቸው። የዩኒቨርሲቲውን ስም ለመያዝ የሚፈልግ ክበብ በፕሮክተሮች ዘንድ ይመዘገባል። በእኛ ግቢዎች ፕሮክተር የምንለው የተማሪዎች መኖሪያን የሚቆጣጠረውን ሠራተኛ ነው፤ እዚያ ግን ፕሮክተሮች የዩኒቨርሲቲው ከፍተኛ የሥነ ሥርዓት ሹማምንት ናቸው። የተመዘገበ ክበብ የጽሑፍ ደንብ ያቀርባል፣ ሒሳቡን ያሳያል፣ ከመምህራን መካከልም አንድ ነባር አባል ይኖረዋል። እኚህ መምህር ክበቡን አይመሩም፤ ተማሪው ሲቀያየር እሳቸው ይቆያሉ። ምዝገባው ባዶ ወግ አለመሆኑ እ.ኤ.አ. በ2009 ታይቷል። በኮንሰርቫቲቭ ማኅበሩ የምርጫ ቅስቀሳ ላይ ዘረኛ ቀልዶች በመነገራቸው ማኅበሩ ምዝገባውን ተነጠቀ፤ «የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ» የሚለውን ስም የመጠቀም መብቱንም አጣ።

የዩኒቨርሲቲ አስተዳደር እጁን ሲያስገባ ግን ሁልጊዜ ለበጎ አይደለም። የካምብሪጅ ዩኒየን እ.ኤ.አ. በ1815 ተመሥርቶ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1817፣ ፖለቲካ ያወራል ተብሎ በዩኒቨርሲቲው ምክትል ቻንስለር ትእዛዝ ተዘጋ። በ1821 እንደገና ሲከፈት ወቅታዊ ፖለቲካ እንዳይነካ ቅድመ ሁኔታ ተጣለበት። ተማሪዎቹም የቆየ ታሪክ እያነሡ የዘመናቸውን ጉዳይ ይከራከሩበት ጀመር። ክልከላው ሐሳቡን አላስቀረውም፤ ሽፋን አለበሰው እንጂ።

ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣችው የትምህርት ሕግ መሐል መንገድ ለማግኘት ሞክራለች። ሕጉ የሚመለከተው ዋናዎቹን የተማሪ ኅብረቶች ነው። ኅብረቱ የጽሑፍ ደንብ እንዲኖረውና ዩኒቨርሲቲው ይህን ደንብ ቢዘገይ በ5 ዓመት አንዴ እንዲመረምረው፣ ለዋና ዋና ሹመቶች ምርጫው በምስጢር እንዲሆን፣ ደመወዝ በሚከፈልበት የምርጫ ሹመት ላይ ማንም በድምሩ ከ2 ዓመት በላይ እንዳይቆይ፣ የሒሳብ ሪፖርት በየዓመቱ እንዲወጣ ያዛል። ተማሪ አባል አልሆንም የማለት መብት አለው፤ በዚህም አይጎዳም። ኅብረቱ ከውጭ ድርጅት ጋር ሲያያዝ ለአባላቱ ማሳወቅ አለበት። ያለ አግባብ ተበድያለሁ የሚል ሰው ደግሞ ጉዳዩን ገለልተኛ ሰው እንዲያይለት መጠየቅ ይችላል። ከእነዚህ ድንጋጌዎች ስንቶቹ የተጻፉት ለአናሳውና ለተሸነፈው እንደ ሆነ ልብ በሉ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የእኛም የተማሪ ማኅበራት ታሪክ ለተሸነፈው ምን ይጻፍለት ከሚለው ጥያቄ ጋር በደም የተሳሰረ ነው።

በ1959 ዓ.ም. የተለያዩት ኮሌጆች ተማሪዎች በአንድ ጥላ ሥር ተሰብስበው፣ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ «ዩሱአ» እየተባለ የሚጠራውን የአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር አቋቋሙ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በስድስት ኪሎ ግቢ፣ የዚህ ማኅበር ምርጫ እውነተኛ ውድድር ነበር። ብዙዎቻችን ጥላሁን ግዛውን የምናስታውሰው በተማሪ ሰማዕትነቱ ነው። በ1961 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ በጥቂት ድምፅ በመኮንን ቢሻው መሸነፉን ግን ጥቂት ሰው ነው የሚያስታውሰው። ጥላሁን ተሸንፎ በማኅበሩ ውስጥ ቆየ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1962 መግቢያ ላይ፣ እንደገና ቀርቦ ተመረጠ። ፓርቲ በማይፈቀድበት፣ የአገሪቱ ዋና ሥልጣን በምርጫ በማይያዝበት ዘመን፣ ተማሪዎች በአንድ ግቢ ውስጥ ሽንፈትን ተቀብሎ ዳግም መወዳደር ምን እንደሚመስል አሳይተዋል። ይህ ሊያኮራን ይገባል።

በዚያው ዓመት፣ ኅዳር 8 ቀን 1962፣ የማኅበሩ ልሳን «ስትራግል» ተማሪው ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈውን ጽሑፍ አወጣ። ታኅሣሥ 19 ቀን ምሽት ጥላሁን በጥይት ተገደለ። በማግሥቱ አስከሬኑን ከብበው ባለቀሱት ተማሪዎች ላይ ወታደሮች ግቢ ገብተው ተኮሱ። አንድ ማኅበር ውስጡን የቱንም ያህል በደንብ ቢያደራጅ፣ የሚኖርባት አገር ሕግ ካልጠበቀችው ምን ሊደርስበት እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

የዚያ ዘመን ሌላ ገጽታም መነሣት አለበት። በይፋዊው ማኅበር ውስጥ «አዞዎች» በመባል የታወቀ ኅቡዕ ቡድን ነበር። አባላቱ አስቀድመው ተመካክረው አጀንዳ ይቀርጹ፣ ተናጋሪ ያዘጋጁ ነበር። የንጉሡ ጸጥታ ዓይኑን በጣለበት ግቢ መደበቃቸው የሚገባ ነገር ነው፤ አልፈርድባቸውም። ግን ዋጋ አለው። ጉዳዩ በአዳራሹ ከመነሣቱ በፊት ሌላ ቦታ ተወስኖ ከመጣ፣ ተራው አባል የሚከራከረው ከማን ጋር እንደ ሆነ አያውቅም፤ የተሸነፈውም በክርክር ይሁን በዝግጅት መሸነፉን አይለይም። ጥርጣሬ ከዚያ ይጀምራል።

ጥርጣሬው ጎልቶ የወጣው በውጭ አገር ነው። በሰሜን አሜሪካ የነበረው የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር በነሐሴ 1963 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ 19ኛ ጉባኤውን አደረገ። ያከራከረው የብሔረሰቦች ጥያቄ፣ በተለይም እስከ መገንጠል የሚለው መብት ነበር። ክርክሩ በመከፋፈል አለቀ። በተከታዮቹ ዓመታት በአሜሪካም በአውሮፓም የነበሩት ማኅበራት ጎራ ለይተው ቆሙ፤ ኋላ ኢሕአፓና መኢሶን በሚል ስም በአብዮቱ ውስጥ የተፋለሙት ወገኖች ቀድመው የተለያዩት በእነዚያ የጉባኤ አዳራሾች ነው።

የዚህን መለያየት ምክንያት በደንብ ጉድለት ብቻ ማስረዳት አይቻልም፤ ጥያቄው እጅግ ከባድ ነበር። ሆኖም አንድ ነገር ይታየኛል። ማኅበራቱ በርዕዮተ ዓለም ጥያቄ ላይ ድምፅ እየሰጡ አቋም ይወስኑ ነበር፤ የተወሰነውም የማኅበሩ መስመር ይሆናል። ያን መስመር ያልተቀበለ ሰው ተራ የሐሳብ ተቃዋሚ ተብሎ አይታለፍም፤ «አድኃሪ» ወይም «ከፋፋይ» ይባላል። የአናሳው አቋም በቃለ ጉባኤ የሚሰፍርበት፣ በማኅበሩ መጽሔት የሚታተምበት፣ በሚቀጥለው ጉባኤ እንደገና የሚነሣበት የታወቀ ቦታ ቢኖር ኖሮ ስንቱ ወዳጅነት በተረፈ ነበር እላለሁ። እነዚያ ልጆች አንድ ላይ ያደጉ፣ አንድ ክፍል የተማሩ፣ አንዱ የሌላውን ቤተሰብ የሚያውቁ ነበሩ።

ስለዚህ ዛሬ በየግቢው ደንብ ለምታረቁ ወንድሞቼና እህቶቼ ጥቂት ነገር ልበላችሁ። ምልዓተ ጉባኤን ከፍ አድርጋችሁ አትስቀሉት። «ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው ካልተገኙ ስብሰባ አይካሄድም» የሚል ደንብ ጥብቅ ይመስላል፤ ነገር ግን በፈተና ሰሞን ማኅበሩን ሽባ ያደርገዋል፣ ሥልጣን ላይ ያለው ኮሚቴም ምርጫ ሳያደርግ ይቀጥላል። በመጀመሪያው ጥሪ ግማሽ፣ በሁለተኛው ጥሪ በተገኙት የሚል አንቀጽ ይሻላል። የመምረጥ መብት ያለው አባል ስም ዝርዝር ከምርጫው ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይዘጋ፣ ይለጠፍም። አለበለዚያ በምርጫው ዋዜማ አውቶቡስ ሙሉ አዲስ አባል ሲመዘገብ ታያላችሁ። አስመራጮቹ በዚያ ምርጫ የማይወዳደሩ፣ ከተቻለም ተመራቂ ተማሪዎች ይሁኑ። ቆጠራው የዕጩዎች ታዛቢዎች ባሉበት ይደረግ፤ የድምፅ ወረቀቱም የይግባኝ ጊዜው እስኪያልፍ አይጣል።

ሊቀመንበርን ከሥልጣን ለማውረድ ደግሞ ከተራው አብላጫ ከፍ ያለ ድምፅ ጠይቁ፤ የክሱን ዝርዝር ቀድሞ በጽሑፍ ይቀበል፣ በጉባኤው ፊትም ይናገር። ስብሰባ የመጥራት ሥልጣን በሊቀመንበሩ እጅ ብቻ አይቅር። ከአባላቱ አንድ አሥረኛው ፈርመው ከጠየቁ ጸሐፊው በ14 ቀን ውስጥ ጉባኤ እንዲጠራ፣ ካልጠራም ፈራሚዎቹ ራሳቸው እንዲጠሩ ደንቡ ይፍቀድ። ከፓርቲ ጋር የሚደረግ ማናቸውም ትስስር፣ የሚመጣ ገንዘብም ካለ፣ ለአባላት ይገለጽና በምስጢር ድምፅ ይወሰን። ደንቡን ማሻሻል ይቻላል፤ የሥራ ዘመንን የሚያራዝም ማሻሻያ ግን ያን ማሻሻያ ላጸደቀው ኮሚቴ እንዳይሠራ፣ ከቀጣዩ ምርጫ በኋላ ብቻ እንዲጸና አድርጋችሁ ጻፉት።